በሙቅ ውሃ የታጠበ ፎጣ

የላውንደሪው ባለቤት የተገደሉት ማክሰኞ ጠዋት፣ በአራት ሰዓትና በአራት ሰዓት ተኩል መካከል ነው። የተገኙት የአንሶላ ጓዳው ውስጥ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። አጠገባቸው አንድ የድሮ የከሰል ካውያ ወድቋል። ካውያው ሥራ ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የጓዳው በር እንዳይዘጋ መደገፊያ አድርገውት ነበር። ገዳዩ ከመታቸው በኋላ ካውያውን ጥርግርግ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰው ገድሎ ዕቃ የሚያጸዳ ሰው ከሁሉ በላይ ያናድደኛል።

እኔ ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር የቀረኝ ኢንስፔክተር ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ምላሴም አለቃ አይወድም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ጀማሪ አበላሸሁት።

ሠራተኞቹን በሙሉ ካውያ ክፍል ሰበሰብኳቸው። ዘጠኝ ነበሩ። ክፍሉ ይሞቃል፤ ቧንቧዎቹ በጣሪያው ስር ያፏጫሉ፤ የተተኮሱ ሸሚዞች በየመስቀያው ተደርድረዋል።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት ውስጥ የውጭ ሰው ነበር?» አልኩ።

የስምንቱም ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ጥግ ላይ የቆመ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጺሙን አሳጥሮ የከረከመ፣ የልብስ እድፍ ሲያስለቅቅ የጣቶቹ ጫፍ በኬሚካል የነጣ ሰው ነው። እንዳዩት ሲያይ እጁን እንደ ተማሪ ከፍ አደረገ።

«እኔን ማለታቸው ነው» አለ።

ማስታወሻዬ ላይ «የውጭ ሰው፦ አንድ፣ እድፍ አስለቃቂው» ብዬ ጻፍኩ። አይ እኔ!

*

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ከፊት ለፊት ልብስ የምትቀበለው ሴትዮ ናት። ድንጋጤው ግን ወሬዋን አላስቀረባትም።

«መጤው ነው የምንለው» አለችኝ። «ለክፋት አይደለም፣ ለመለያ ያህል ነው።»

«ከየት መጥቶ ነው?»

«እንጃ። የእነሱ አገር ብዙ ነው። እስላም ነው፣ ያው።»

«ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ?»

«አሥራ አራት።»

«በአሥራ አራት ዓመት ከየት ነህ ብለው አልጠየቁትም?»

«ምን ያደርግልኛል?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀትር ላይ አንሶላ ጓዳው ገብቶ በሩን ይዘጋል። ይሰግዳል ነው የሚባለው። ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ደግሞ ትናንት ከሰዓት አባባ ላይ፣ ሟቹ ላይ ማለቴ ነው፣ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ይህን ነገር ቢያደርጉ ይጸጸታሉ› ነው ያላቸው።»

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ከስሩ አሰመርኩበት።

ቀጥሎ የተኳሾቹን አለቃ አነጋገርኩ። በእኛ መሥሪያ ቤት ተኳሽ ሲባል ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ልብስ የሚተኩስ ማለት ነው። ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ፣ አንገታቸው ቀና የማይል ትሑት ሰው ናቸው። ጉልበቴን ሳሸው አይተው ወንበር ይዘውልኝ መጡ። ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቷል።

«ከአራት እስከ አራት ተኩል የት ነበሩ?»

«ማሽኔ ላይ። የሆቴሉ ሸሚዝ ነበረብኝ፣ ሠላሳ ሸሚዝ። ንቅንቅ አላልኩም።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«እኔ በሰው አልፈርድም ልጄ» አሉ፣ ልጅነቴ ካለፈ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ እያዩ። «ግን እነሱ እንደኛ አይደሉም። ቂም ይይዛሉ ይባላል።»

በዚህ መሃል ከማጠቢያው በኩል አንድ ፖሊስ ጮኸ። ከእድፍ አስለቃቂው ጠረጴዛ ስር ካለው ባልዲ ውስጥ ነጭ ፎጣ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ይዞታል። ፎጣው ላይ እንደ ዝገት የከረረ ቡናማ እድፍ ተዘርግቷል።

ሰውየውን አስጠራሁት። ፎጣውን አየ። እጁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፤ ውሃው ገና ለብ ያለ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ። የጠበቅሁት ፍርሃት ነበር፤ ያየሁት ግን ንዴት ነው።

«ይህን ያደረገው ማን ነው?» አለ።

«አንተ ነህ እንላለን።»

«እኔ ብሆን ፎጣው ንጹሕ ይሆን ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። እኔም አልከለከልኩትም።

*

«ይሄማ ማመን ነው!» አለ ኮማንደሩ። ኮማንደሩን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አለቃዬ ነው። ሰው ፊት አንቱ እንባባላለን፣ ቢሮ ውስጥ እኔ አንተ እለዋለሁ።

«ሙያውን ነው የተናገረው እንጂ መች አመነ?»

«እትዬ፣ ደም ያለበት ፎጣ ባልዲው ውስጥ ተገኘ። ሲዝት ተሰምቷል። ሬሳው የተገኘው እሱ በሚሰግድበት ጓዳ ነው። ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ውጭ ያለው ሰው ምን እንደሚል ሰምተዋል? ‹እነዚህን ሰዎች መጀመሪያ ማን አስገባቸው› ነው የሚሉት።»

«ከየት ነው ያስገቧቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ክስ ይመሠረታል። እስከዚያ የቀረ ነገር ካለ ያሟሉ።»

እሱ ካለ አለ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ቀረኝ።

*

ረቡዕ ጠዋት የእድፍ አስለቃቂውን ቤት ለመፈተሽ ሄድን። ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። የመንገድ ዳሩ መስኮት ተሰብሮ በካርቶን ተሸፍኗል። ሚስቱ ሻሿን አጥብቃ አስራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከኋላዋ ዕቃው ግማሹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል።

«የት ልትሄዱ ነው?» አልኳት።

«የት እንደምንሄድ ገና አላወቅንም። አከራያችን ‹ባልሽ ዓርብ ከተከሰሰ ቅዳሜን እዚህ አታድሩም› ብለውናል። ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። አገርሽ ግቢ አሏት። ‹እናቴ፣ አገራችን የት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? እራት ብዪ አልኳት።»

ከእኔ ጋር የመጣው ፖሊስ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «የውጭ አገር ጽሑፍ ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ ቦምብ ያገኘ ይመስል።

ሴትየዋ ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና ገልብጣ መለሰችለት። «የጸሎት መጽሐፍ ነው። ሲያነቡት በዚህ በኩል ነው።»

ፖሊሱ አፈረ፤ እኔም አፈርኩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሰውየውን መታወቂያ አገኘሁ። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ የዚህችው ከተማ ስም ተጽፏል። እኔ የተወለድኩት ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ ማንም መጤ ብሎኝ አያውቅም።

ቢሮ ተመልሼ የቃል መቀበያውን ወረቀቶች አገላበጥኩ። ለሁሉም «እርስዎ» ብያለሁ። ከእሱ በዕድሜ ለሚያንሱት አጣቢዎች ሳይቀር «እርስዎ»። ለእሱ ብቻ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው «አንተ»። ማንም አላዘዘኝም። እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

*

ከሰዓት በኋላ ሌላ ጭላንጭል ተገኘ። ባለፈው ሳምንት የሙሽራ ሱፉ የተቃጠለበት አንድ ደንበኛ ሟቹን «አንቅሃለሁ» ብሎ ዝቶባቸው ነበር። በደስታ ሄድኩበት። ማክሰኞ ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ሐኪሙም ረዳቷም መሰከሩ። ጉንጩ አሁንም ያበጠ ስለሆነ ስድቡን እንኳ በደንብ አልሰማሁትም።

ከዚያ እስር ቤት ወረድኩ።

«እርስዎ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ስለ ፎጣው ይንገሩኝ።»

ሥራው ሲነሳ ሰውነቱ ተፈታታ። «ደም የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ ትዕግሥት። ሙቅ ውሃ ካገኘው ጨርቁ ውስጥ ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ እኔም አላስለቅቀው። ያን ፎጣ የነከረው ሰው ከቧንቧው የፈላ ውሃ ቀድቶ ነው። በጣም ሲሞቅ በጣም የሚጸዳ መስሎታል።»

«ጠቡስ? ይጸጸታሉ ያልካቸው… ያሏቸው?»

«አባባ ሥራ አስኪያጅ ላደርግህ ነው አሉኝ። ዓርብ ለሁሉም ሊናገሩ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አይቀበሉኝም፣ ቤትዎ ይበጠበጣል፣ ቢያደርጉ ይጸጸታሉ አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ። ይህንን ለኮማንደሩ ነግሬአለሁ፤ እሱም ሳቀ።»

ማመን አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሥጋ ቤት ጎራ ብዬ ደም በጠርሙስ ለመንኩ። ባለሥጋ ቤቱ ዕብድ መሰልኩት። ሁለት ነጭ ጨርቅ ደሙ ውስጥ ነክሬ አንዱን በቀዝቃዛ፣ አንዱን በፈላ ውሃ አጠብኩ። የመጀመሪያው ነጣ። ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ከተገኘው ፎጣ ጋር መንታ ሆኖ ቁጭ አለ።

*

ሐሙስ ጠዋት ላውንደሪው ተመለስኩ። ሥራው ቀጥሏል፤ የሰው ልብስ ሐዘን አይጠብቅም። አጣቢዋን ጥግ ወስጄ፣ ደም በሙቅ ውሃ ያጥባሉ ወይ አልኳት። ሳቀች።

«ይሄንንማ ሁላችንም አጣቢዎች እናውቃለን። መጀመሪያ ቀን ነው የምንማረው።»

«የማያውቅ ማን አለ?»

«ተኳሾቹ ናቸዋ። እነሱ ውሃ አይነኩም። እጃቸው ከረጠበ የተተኮሰ ሸሚዝ ላይ ነጥብ ይቀራል። የአባባ ሕግ ነው፣ እዚህ ማጠቢያው ውስጥ እግራቸውም አይገባ።»

ተኳሾቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው ስለሚሠሩ አንዱ ሌላውን ያያል። አራተኛው አለቃቸው ናቸው። የሸሚዝ ማሽናቸው ከግድግዳው ጀርባ ብቻውን ነው ያለው። ከዚያ ወደ አንሶላ ጓዳው ስምንት እርምጃ ነው፤ ቆጠርኩት። ግን ሰውየው ሠላሳ ሸሚዝ ስተኩስ ነበር ብለዋል፣ ሸሚዞቹም ተተኩሰው ተገኝተዋል። ማን አየዎት ብላቸው፣ ብቻዬን ስሠራ ማን ያየኛል ይሉኛል። ስምንት እርምጃ ብዬ ኮማንደሩ ጋ ብሄድ ደግሞ ጉልበትዎን ያሳርፉ ነው የሚለኝ።

እዚያው ቆሜ ሳሰላስል ከራሴ በላይ ያለው ቧንቧ አፏጨ። ማክሰኞም ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ። እንፋሎት ደግሞ በራሱ አይፈላም።

ወደ ልብስ ተቀባይዋ ዞርኩ። «ይህን እንፋሎት የሚያፈላው ማን ነው?»

«ከታች ምድር ቤት ያለው ሰውዬ። የቦይለሩ።»

«ማክሰኞ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ። እሱ ከሌለ ካውያው ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ የጠየቁን የውጭ ሰው ነው። እሱ የኛ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ አብሮን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።»

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከውጭ አገር። ገና ስምንት ወሩ ነው፣ ቋንቋው እንኳ…» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

*

የምድር ቤቱ ደረጃ አሥራ ሰባት ነው፤ ጉልበቴ እያንዳንዱን ያስታውሰዋል። የቦይለሩ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ በእሳት የቀላ፣ ኮፍያውን እጁ ላይ የሚያጠማዝዝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ቁጥር ተሞልቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በየሩብ ሰዓት ግፊት እጽፋለሁ። አባባ አዘዙ። ቦይለር እንዳይፈነዳ።» ቋንቋችንን ቃል በቃል እየለቀመ ነው የሚናገረው።

«ማክሰኞን አሳየኝ።»

አላሳየኝም። ዓይኑ ግን ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። አራት ሰዓት ላይ አምስት። አራት ከሩብ ላይ ሰባት። አራት ተኩል ላይ ሰባት፣ ከጎኑ የጭረት ምልክት።

«ለምን ወጣ?»

«ሸሚዝ ማሽን ብዙ እንፋሎት ይበላል። ሲሠራ የግፊት መርፌ ይወርዳል። ያን ቀን አልወረደም። ወጣ። እኔ ፈራሁ። ማሽን ተበላሸ ብዬ፣ ጭረት አድርጌ ላይ ወጣሁ።»

«ምን አየህ?»

ኮፍያውን አጠማዘዘ። ላብ በግንባሩ ወረደ፤ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

«ሥራ ያስገባኝ የተኳሾች አለቃ ነው። የምኖርበት ቤት የእህቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የወሰደኝ እሱ ነው። ሁሉም ‹የኛ ልጅ› ይሉኛል። ላይ እድፍ የሚያስለቅቀውን ሰው ምን እንደሚሉት ደግሞ እሰማለሁ። እሱ የዚህ አገር ሰው ነው፣ እንደዚያ ይሉታል። እኔ ብናገር ምን ይሉኛል?»

ምንም አይደርስብህም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ሠላሳ ዓመት ለስንቱ ምስክር ብዬዋለሁ። ለዚህ ልጅ ግን መዋሸት አቃተኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «የማውቀው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ያልገደለ ሰው እንደሚከሰስ ነው። ሚስቱ ዕቃ አስራለች። ልጁ አገሬ የት ነው እያለች ትጠይቃለች።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የተኳሾች አለቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። እጁ እስከ ክርኑ ባልዲ ውስጥ። ውሃው ይጨሳል። እሱ ውሃ አይነካም፤ ስለዚህ ገረመኝ። አላየኝም። ተመልሼ ወረድኩ።»

ኮፍያውን አድርጎ ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

*

የተኳሾቹ አለቃ የሸሚዝ ኮሌታ እያቃኑ ነበር። ወንበር ሊያመጡልኝ ተነሱ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «ሠላሳውን ሸሚዝ በስንት ሰዓት ጨረሱት?»

«እስከ አራት ተኩል ማሽኔ ላይ ነበርኩ ብያለሁ እኮ።»

«ከአራት እስከ አራት ተኩል ማሽንዎ እንፋሎት አልበላም። ቦይለሩ ሞልቶ ሊፈስ ነበር። ሸሚዞቹን የተኮሱት፣ ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሯሯጥ ነው። ደግሞም ባልዲው ላይ ያየዎት ሰው አለ።»

ከጀርባዬ የቆመውን ልጅ አዩት። ከዚያ ሸሚዙን አጣጥፈው፣ በደንብ አጣጥፈው፣ አስቀመጡ።

«ጓዳ ውስጥ ጠርተው ነገሩኝ» አሉ። «ዓርብ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፣ አግዘው አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት! ከመጤ ትእዛዝ ልቀበል ነው ወይ አልኳቸው። እንደዚያ አትጥራው፣ ስም አለው አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ካውያው እግሬ ስር ነበር። ልገድላቸው አልነበረም። እግዜር ያውቃል፣ እወዳቸው ነበር።»

አለቀሱ። ልቅሶአቸው ማክሰኞም እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። ያ ነው የከፋው።

«ፎጣውን ባልዲው ውስጥ የተዉት ደንግጠው ነው?»

«አይደለም» አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። «እሱ ጋ ከተገኘ ሌላ ማንም እንደማይጠየቅ አውቅ ነበር። እርስዎም አልጠየቁም።»

ካቴናውን ራሴ አሰርኩላቸው።

*

ኮማንደሩ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የመልቀቂያውን ወረቀት ሳያየኝ ፈረመ። ሚስቱና ልጁ በር ላይ ቆመው ነበር። ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አላለኝም፣ ከዚያ በላይም አይገባኝም ነበር። ልጅቷ ቦርሳውን ተቀብላ ይዛ ሦስቱ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ዕለት የቀረ ፊርማ ለመውሰድ ላውንደሪው ሄድኩ። የሟች ልጅ የአባቷን ቃል ጠብቃ ሥራ አስኪያጅነቱን ሰጥታዋለች። እሱ ግን የእድፍ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ይቦርሻል። ልብስ ተቀባይዋ ተሽቀዳድማ ወንበር አመጣችለት።

«ጋሼ» አለችው። በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። «እንኳን እግዜር አወጣዎት። እኛማ መጀመሪያም አላመንንም።» ከዚያ ወደ እኔም ወደ እሱም እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያ ከታች ያለው መጤ ግን ነገር አለው። ያጎረሰውን ሰው አሳልፎ የሰጠ ነገ እኛንስ ምን ያደርገናል? የተኳሾቹ አለቃ እህትም ዕቃውን መንገድ ላይ አውጥታበታለች፤ እውነቷን ነው። ኢንስፔክተር፣ ወረቀት እንዳለው ቢያጣሩት። ጋሼም ቢያሰናብቱልን። ሁላችንም ተነጋግረንበታል።»

ደሜ ፈላ። ልናገር ስል ሰውየው ብሩሹን አስቀመጠ።

«እኔ የት ነው የተወለድኩት?» አላት።

«እ?»

«የት ነው የተወለድኩት?»

«እኔ… እንጃ ጋሼ። አላውቅም።»

«ከቤትሽ ሦስተኛው በር ነው። አንቺ ተድረሽ ስትመጪ የሠርግሽን ድንኳን ካስማ ከባልሽ ወንድሞች ጋር የመታሁት እኔ ነኝ።»

የሴትየዋ ፊት ቀላ። ተኳሾቹ ካውያቸውን ያዝ አደረጉ።

«ከታች ያለው ልጅ ዛሬ ማታ እኔ ቤት ያድራል» አለ ሰውየው፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። ከዚያ ቀሚሱን አነሳና ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ሄደ።